ከደንገጎ ቁልቁለት በኋላ የመቃጠል ሽታ፤ ፍሪሲዮን ተቀይሮም አልጠፋም

ቀማሽዋ ከሐረር

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ቤቴ ሐረር፣ የምሠራበት የቡና መጋዘን ድሬዳዋ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በአወዳይ፣ በሐረማያና በአዴሌ አልፌ የደንገጎን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። ረቡዕ ረቡዕ እናቴም ለሕክምና አብራኝ ትወርዳለች። መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 1300፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ፍሬኗ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር። አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የተወልኝ እሷን ነው።

ከሁለት ወር ወዲህ ድሬዳዋ ገብቼ ከዚራ ላይ አቁሜ በር ስከፍት የመቃጠል ሽታ ይቀበለኛል። እየነዳሁ ሳለ አይሸተኝም። ከቆምኩ በኋላ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመጣና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠፋል።

አፍንጫዬ የእንጀራዬ መሣሪያ ስለሆነ ሽታውን በትክክል ልግለጽ። ያረረ ቡና አይደለም፤ ያረረ ቡና ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው። የላስቲክም አይደለም። ከማውቀው ሁሉ የሚቀርበው የከሰል ካውያ የሱፍ ካፖርት ላይ ተረስቶ ሲቆይ የሚሰጠው ሽታ ነው። ከሥሩ ደግሞ የጋለ ብረት አለበት። ዘይት የለውም፣ ጣፋጭነትም የለውም።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት “ፍሪሲዮኑ ነው” አለኝ፤ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘውንና የሚለየውን ክፍል ማለቱ ነው። አመንኩት። ፍሪሲዮኑ ከነዲስኩ ተቀየረ፤ የወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ሄደ። በማግስቱ ደንገጎን ወርጄ ከዚራ ስቆም ያው ሽታ፣ በያው መጠን ጠበቀኝ። ተመልሼ ስነግራቸው “አዲስ ፍሪሲዮን እስኪላመድ ይሸታል” አሉኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ።

በደብተር የያዝኳቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። የሞተር ሙቀት መለኪያው ከመሐል አልፎ አያውቅም። የሞተር ዘይትም ሆነ የራዲያተር ውኃ አልቀነሰም። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት የለም። አንድ የገረመኝ ነገር ግን አለ። ደጃፌ ላይ ትንሽ ተዳፋት አለ፤ ድሮ የእጅ ፍሬን ስለቅላት በራሷ ትንከባለል ነበር። አሁን ማታ ከመንገድ ስገባ እዚያው ቆማ ትቀራለች፤ ጠዋት ስነሣ ግን ትንከባለላለች።

እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ያንን ገደል መውረድ አስፈርቶኛል። ከየት ልጀምር?

የአዳማው ቪትዝ

እህቴ፣ በቅድሚያ ከሥር ተመልከቺ። እኔ ለሁለት ሳምንት እንዲህ ዓይነት ሽታ አንገላቶኝ በመጨረሻ የተገኘው የጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ፌስታል ነበር። ቧንቧው ሲቀዘቅዝ በእንጨት ፍቀው አነሡት፤ የቀረው በሁለት ቀን ነድዶ ጠፋ። ምንም አያስወጣም።

የድሮው 404

ልጄ፣ እኔ ሐረር ላይ በፔጆ 404 ታክሲ ጀምሬ፣ ኋላ በጭነት መኪና ደንገጎን ስወርድና ስወጣ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደብተር መያዝሽ አስደሰተኝ፤ መልሱ እዚያው ደብተርሽ ውስጥ አለ፤ የደጃፍሽ ተዳፋት ላይ።

ፍሪሲዮን የሚያርረው ዳገት ላይ ነው። ጭነሽ ስትነሺ፣ ፔዳሉን በግማሽ ይዘሽ መኪናውን ስታንጠለጥዪ፣ ያኔ ይሸታል። ያለቀ ፍሪሲዮን ደግሞ ነዳጅ ስትሰጪው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይፈጥንም። አንቺ የምትነግሪኝ ቁልቁለት ወርዶ ስለሚመጣ ሽታ ነው። የሱፍና የጋለ ብረት ሽታ ካልሽ ያ ዲስኩን ጨብጦ መኪናውን የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ነው፤ በዕድሜዬ ሙሉ ሳሸተው የኖርኩት ነው።

አሁን ጥያቄው ሌላ ነው። ፍሬኑ የሚግለው አንቺ ስለምትረግጪው ነው ወይስ ሳትረግጪውም እየያዘ ነው? ደንገጎን ስትወርጂ ያ ሁሉ ከፍታ ወደ ሙቀት ተለውጦ ወይ ሞተሩ ላይ ወይ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ስለዚህ ቁልቁለት ወርደሽ ጎማውን ብትነኪ ጤነኛውም ግሎ ታገኚዋለሽ፣ ምንም አይነግርሽም።

መለየት ከፈለግሽ ስትወጪ ነው የምትፈትኚው። ከድሬዳዋ ማታ ስትነሺ ከተማውን ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ከዚያ እስከ ደንገጎ አናት ፍሬን እንዳትነኪ። ስትቆሚም ነዳጁን ልቀቂ፣ ዳገቱ ራሱ ያቆምሻል። ከመንገዱ በደንብ ወጥተሽ ሜዳ ላይ አንደኛ ማርሽ አስገቢ፣ ድንጋይ አስደግፊ፣ የእጅ ፍሬን አትሳቢ። ከዚያ ወደ አራቱም ጎማ እጅሽን አቅርቢ፤ ብረቱን እንዳትነኪ፣ ቆዳሽ ይቀራል። ፍሬን ሳይረገጥ የጋለ ጎማ ካለ ሌባው እሱ ነው። አራቱም ለብ ብለው ካገኘሻቸው ጥፋቱ አወራረድሽ ላይ ነውና ያን ጊዜ ሌላ ወሬ እናወራለን።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ቁልቁለቱን በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርጂው?

የጋለ ጎማ ላይ ውኃ እንዳትደፊ፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጭስ ካየሽ ቁሚ፣ እናትሽን አውርጂ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ።

ሰሚት 27

እኔ ግን አሁንም ፍሪሲዮን ነው እላለሁ። ገበያ ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ኦሪጂናል አይደለም፤ አዲሱም ሊሸት ይችላል። ሌላ ጋራዥ ወስደሽ እንደገና አስወርጂው።

የድሮው 404

ወንድሜ፣ ሴትዮዋ የወር ደመወዟን ግማሽ አንድ ጊዜ ከፍላለች። ፍሪሲዮን ለማየት ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከማስወረድ በፊት እጅ ወደ ጎማ ማቅረብ ይቀድማል፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀማሽዋ ከሐረር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያሉትን ትናንት ማታ አደረግሁ።

እጄን ከማቅረብ የተሻለ ነገርም አገኘሁ። ቡና የምንቆላበት ክፍል ውስጥ ሳይነካ በጨረር የሚለካ ትንሽ የሙቀት መለኪያ አለን፤ አስፈቅጄ ይዤው ወጣሁ። ደንገጎ አናት ላይ እንዳሉኝ ዳገቱ አቆመኝ። ወርጄ በቸርኬው ቀዳዳ ለካሁ፦ የፊት ግራ 47 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ 39 እና 40፣ የፊት ቀኝ 168። መለኪያው ተሳስቷል ብዬ ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ሽታውም እዚያው ነበር፤ ተንበርክኬ ወደ ቀኙ ጎማ ስጠጋ ከዚራ ላይ የሚቀበለኝን ያንኑ የተረሳ ካውያ አገኘሁት። ሁለት ወር ሙሉ በሹፌሩ በር እየወረድኩ በግራ በኩል ስለምቆም አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላሸተትኩም ነበር።

ስለ ማርሹ ጠየቁኝ፤ እውነቱን ልናገር። በአራተኛ ነው የምወርደው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጌ የወረድኩባቸው ቀናትም ነበሩ። አባቴ በሦስተኛ ይወርድ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም።

አሁን መኪናዋ ሐረር ቆማለች። ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) ሙሉ በሙሉ ልቀይር?

የድሮው 404

ዜሮ አድርጎ መውረድን ከዛሬ ጀምሮ እርሺው። ሙሉ ክብደቱን ለፍሬኑ ብቻ ታሸክሚዋለሽ። በዚያ ላይ አንዱ ጎማ ሁልጊዜ ተይዞ እየሄደ ነበር ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከፈላ ደግሞ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆንና ወለሉ ድረስ ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ቀኑን አልረሳውም። ለመቀየሩ ነገር መካኒክ ይናገር።

የሳቢያኑ መካኒክ

እህቴ፣ በመለኪያ መምጣትዎ ሥራውን አቀለለው። ካሊፐር ለመግዛት አይቸኩሉ። ጎማ የሚይዝበት ምክንያት ሦስት አራት ነው፤ በየተራ እንለያቸው። ራስዎ ማድረግ ባይችሉም መካኒኩ አጠገብ ቆመው ይከታተሉ።

ፊቱን በክሪክ አስነስተው፣ ድጋፍ አስገብተው፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። ዲስክ ፍሬን ትንሽ መነካካቱ ያለ ነው፤ ስለዚህ ከግራው ጋር ያነጻጽሩት። ከዚያ ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ይርገጡና ይልቀቁ። ቀኙ ከያዘ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ያላሉ። ዘይት ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ ውስጥ ታፍኖ ቀርቶ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛዋ የፍሬኗ የጎማ ቱቦ ናት። በውጭ ደህና መስላ ውስጧ አብጦ ዘይቱን ታሳልፋለች እንጂ አትመልስም። ቡሎኗ ተከፍታም ጎማው ካልተለቀቀ ነገሩ የብረት ነው፦ ወይ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ አልመለስ ብሏል፣ ወይ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ተጣብቀዋል።

እነዚያን ሁለቱን ሸራዎቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። በእርስዎ መኪና ፒስተኑ ያለው በውስጥ በኩል ነው። የውስጡ ሸራ ብቻውን አልቆ ከተገኘ ፒስተኑን ጠርጥሩ። የውጭኛው ሸራ የበለጠ አልቆ ከሆነ፣ በተለይም አንድ ጫፉ ሳስቶ ሌላው ጫፍ ወፍሮ ከተገኘ፣ ፒን ነው። በእኛ አካባቢ አቧራው ብዙ ስለሆነ የፒኑ መሸፈኛ ጎማ ትንሽ ከተቀደደች በቂ ነው።

አደራ የምለው አለኝ። ሲፈታ ብናኙን በአፍም በኮምፕረሰርም አያስነፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ስነፋ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ልጆቹን በጭራሽ አላስነፋም።

ለሌላው አንባቢም ልጨምር፤ ሽታ ሁሉ ፍሬን አይደለም። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጋስኬት ሲያልቅ የሞተር ዘይት የጋለ ቧንቧ ላይ እየተንጠባጠበ ይነድዳል፤ እሱ ወፍራም የዘይት ሽታ አለው፣ ኮፈኑ ሲከፈት ቀጭን ጭስም ይታያል። ጣፋጭ ሽታ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። የላስቲክ ሽታ ከጩኸት ጋር ከመጣ ቺንጊያ (የሞተሩ ቀበቶ) ነው። የፕላስቲክ ሽታ ከሸተተዎት ግን እቤት ልድረስ አይበሉ፤ ሽቦ እየቀለጠ ስለሚሆን ያቁሙ፣ ሞተር ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ያላቅቁ።

ቀማሽዋ ከሐረር

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ሌላ ጋራዥ ሄጄ የጻፉልኝን እያነበብኩ አጠገቡ ቆምኩ። መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለው፣ ቁጥሮቹን ሳሳየው ግን ራሱም ጓጓ።

ጎማው ተነሣ። ግራው በእጅ ተገፍቶ አንድ ዙር ያህል ይሄዳል፤ ቀኙ እጅ ሲለቀው እዚያው ይቆማል። የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ተከፈተች፤ ዘይት ጠብ ጠብ አለ እንጂ ጎማው አልተለቀቀም። ስለዚህ ቱቦዋ ነፃ ወጣች። ካሊፐሩ ሲወርድ የውስጡ ሸራ 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። የውጭኛው ከላይ 5፣ ከታች 2 አልሞላም፤ እንደ ሽብልቅ ሆኗል። የላይኛው ፒን በጣት ተሳበ። የታችኛውን ለማውጣት ልጁ በመዶሻና በፕላየር ሩብ ሰዓት ታገለ።

ከዚያ ልቤን ያሳዘነኝን ነገር አየን። ፒኑ አልዛገም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ እጅጌ አብጣ ቀዳዳውን ሞልታዋለች፤ ዙሪያዋን ተራ የኩሽኔታ ግራሶ ተለቅልቋል። ባለፈው ዓመት ሸራ ያስቀየርኩበት ቦታ መሆን አለበት፤ ያን ካሊፐር ከዚያ በኋላ የነካ ሰው የለም። ልጁ እንዳስረዳኝ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግራሶ የፍሬንን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ለፒን የሚሆነው እንደ ሲሊኮን ያለ ጎማ የማይጎዳ ግራሶ ነው። ስትሞቅ እጅጌዋ ይበልጥ ትጠብቃለች፣ ስትቀዘቅዝ ትላላለች። ደጃፌ ላይ ማታ ቆማ ጠዋት የምትንከባለለው ለዚህ ኖሯል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የደረቀውን የሐረር ቡና ነዳጅ የነካው ጆንያ ውስጥ ብትከቱት ጆንያው በዓይን ደህና ነው፣ ስኒው ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ይወጣል። አንድ ሰው ያገኘውን ግራሶ ቀብቶ ሄደ፤ እኔ እናቴን ይዤ በዚያ ላይ ወረድኩ።

የተሠራው ይህ ነው፦ አዲስ እጅጌና መሸፈኛ ጎማ ለሁለቱም በኩል፣ የሲሊኮን ግራሶ፣ ለሁለቱም የፊት ጎማ አዲስ ሸራ። ፒስተኑ ተገፍቶ ታየ፣ ያለችግር ይመለሳል። የቀኙ ኩሽኔታ ግራሶው ሙቀት ነክቶት እንደሆነ ታየ፤ ድምፅም ሆነ ልልነት የለውም። የፍሬን ዘይቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ለካ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት እስከ 140 ይወርዳል። እኔ በ168 ዲግሪ ብረት አጠገብ ያ ጥቁር ዘይት ነበረኝ። ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሌሊት አልተኛሁም። የሁሉም ዋጋ ተደምሮ የፍሪሲዮኑን ሩብ አይሞላም።

ትናንት ብቻዬን ወረድኩ። ከደንገጎ አናት በሦስተኛ፣ ጠባብ ጠባብ መታጠፊያዎቹ ላይ በሁለተኛ፤ ሞተሩ ይጮህ ነበር ግን አልደነገጥኩም። ፍሬን ስረግጥ ጠንከር አድርጌ ረግጬ እለቃለሁ፣ እንደ ድሮው እያሻሸሁ አልይዝም። ከዚራ ላይ ለካሁ፦ ግራ 96፣ ቀኝ 101። ማታ ስወጣ ደግሞ አናት ላይ ግራ 44፣ ቀኝ 46። በቀኝ በኩል ዞሬ ተንበርክኬ አሸተትኩ። አቧራ ብቻ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። የቀኙ ዲስክ ላይ እንደ እርግብ አንገት ሰማያዊ የሚመስል ቀለም ወጥቷል። ይቀየር?

የሳቢያኑ መካኒክ

ሰማያዊው ከመጠን በላይ መጋሉን ያሳያል፤ ቀለሙ ብቻውን ግን አያስቀይርም። የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፎ ያገኙታል፤ በካሊበር (በውፍረት መለኪያ) ያስለኩትና ያወዳድሩ። ከጠርዙ ወደ ውስጥ የገባ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ከፍ ባለ ፍጥነት ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ግራና ቀኙን አብረው ይቀይሩ።

ቀማሽዋ ከሐረር

ስንጥቅ የለውም፣ መሪውም አይንቀጠቀጥም። ውፍረቱን ቅዳሜ አስለካለሁ። ረቡዕ ከእናቴ ጋር እወርዳለሁ።

የድሮው 404

በሦስተኛ፣ ልጄ። እናትሽን ሰላም በዪልኝ።